«ክራውድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ምን እንበለው?

ሐዋሳዊት፦

የከበረ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። ነዋሪነቴ ሐዋሳ ሲሆን ሥራዬ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መተርጎም ነው። አሁን በእጄ የሚገኘው ጽሑፍ የከተማችንን በዓላትና ሰው የሚበዛባቸውን ስፍራዎች ለጎብኚዎች ያስተዋውቃል፤ ጸሐፊው ግን የተሰበሰበን ሰው ሁሉ የሚጠራው «ክራውድ» በሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። የሲዳማን የዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላን ለማክበር ወደ በዓሉ አደባባይ ወደ ጉዱማሌ የሚወጣውም ክራውድ ነው፤ ታኅሣሥ 19 ቀን ለቅዱስ ገብርኤል ንግሥ የሚመጣውም ክራውድ ነው፤ በስታዲየም የሚዘምረው፣ በአሞራ ገደል በዓሣ አጥማጆች ጀልባ ዙሪያ የሚሰበሰበው፣ አመሻሽ ላይ መናኸሪያውን የሚሞላው ሁሉ ያው ክራውድ ነው።

መዝገበ ቃላት «ሕዝብ»፣ «ብዙ ሰው»፣ «ግርግር» የሚሉ ፍቺዎችን ይሰጡኛል። ሦስቱም በየቦታቸው ትክክል ናቸው፤ አንዱን መርጬ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ልዝለቅበት ስል ግን አማርኛው ይሻክርብኛል። ለንግሥ የመጣን ሰው «ግርግር» ማለት ያሳፍራል፤ ታክሲ የሚጠብቅን ተሳፋሪ «ሕዝብ» ማለት ደግሞ ነገሩን ያለ ልኩ ያገዝፈዋል። በሌላ በኩል፣ ደራሲው በአንድ ቃል የተናገረውን ተርጓሚው በአምስትና በስድስት ቃል ቢበትነው ለጽሑፉ ታማኝ መሆኑ አይጠረጠርም ወይ የሚለው ሐሳብ ይመላለስብኛል። ስለዚህ የቃሉን ልዩ ልዩ ትርጉምና አገባብ የምታውቁ እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይም ቃሉ ግሥ በሚሆንበት ጊዜ፣ ከሌላ ቃል ጋር በሚጣመርበት ጊዜ፣ እንዲሁም ጽሑፉ በበዓላት ላይ ስለሚወሰድ ጥንቃቄ በሚናገርበት ክፍል ምን ማለት እንደሚገባኝ ብታመለክቱኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።

የቀድሞው መምህር፦

ልጄ፣ ያሳሰበሽ ነገር ተገቢ ነው። መልሱ የሚገኘው ቃሉ ከየት እንደመጣ በማየት ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

ክራውድ በመጀመሪያ ስም አልነበረም፤ ግሥ ነበር። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ክሩዳን» ማለት መግፋት፣ መጫን፣ ወደፊት መንዳት ማለት ሲሆን፣ ቃሉ የተሰበሰበ ሰው መጠሪያ የሆነው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት እንግሊዞች ለዚሁ ነገር «ፕሬስ» የሚለውን ቃል ይጠቀሙ ነበር፤ የእርሱም ፍቺ ያው መጫን ነው። እንግዲህ ቃሉ ከሥሩ የሚነግረን ሰዎቹ ብዙ መሆናቸውንና ትከሻ ለትከሻ መገፋፋታቸውን ብቻ ነው። ማን እንደጠራቸው፣ ለምን እንደመጡና ምን እንደሚያደርጉ አይነግረንም፤ ይህን የእንግሊዝኛው አንባቢ ከዙሪያው አገባብ ይረዳዋል።

አማርኛ የተሰበሰበን ሰው የሚጠራው በአመጣጡ ምክንያት ነው። ለቀብር የመጣው ለቀስተኛ ነው፤ ለሠርግ የመጣው ሠርገኛ፣ ለገበያ የመጣው ገበያተኛ፣ ለንግሥ የመጣው ምእመን ወይም ሕዝበ ክርስቲያን፣ ለስብሰባ የመጣው ተሰብሳቢ፣ ለጨዋታ የመጣው ተመልካች ወይም ደጋፊ፣ አደባባይ የወጣው ሰልፈኛ፣ በክብር ተጠርቶ የተቀመጠው ታዳሚ ነው። እነዚህን ሁሉ ትተን በአንድ ቃል እንጠቅልላቸው ብንል እንግሊዝኛው የማያጎድለውን ነገር በአማርኛው ላይ እናጎድላለን፤ ምክንያቱም የእንግሊዝኛው አንባቢ የስታዲየሙን ክራውድ ሲያነብ ደጋፊውን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ሲያነብ ምእመኑን በልቡ ያያል። የአማርኛው አንባቢም ያንኑ እንዲያይ ከተፈለገ በየቦታው የየራሱን ስም መስጠት ግድ ነው። ስለዚህ ቃሉን ስትበትኚ ታማኝነትሽን የምታጎድይ አይምሰልሽ፤ ታማኝነቱ እርሱ ነው።

ምክንያቱ የማይታወቅበት ወይም ምክንያቱ ልዩ ልዩ የሆነበት ስብስብ ሲያጋጥምሽ ግን ስም አትፍጠሪለት። ለዚህ አማርኛ «ሰው» የሚለውን ቃል በነጠላ አስቀምጦ ለብዙ ይጠቀምበታል፦ ሰዉ ጎረፈ፣ ሰዉ ግጥም ብሎ ሞላ፣ ጠጠር መጣያ እስኪታጣ ድረስ ሰው ሆነ። የመናኸሪያውና የአሞራ ገደሉ ዓረፍተ ነገር በዚህ መንገድ ቢጻፍ ምንም አይጎድለውም። «ሕዝብ» ከዚህ ይከብዳል፤ አንድነትና ክብር ያለውን ብዛት ያሳያል። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በተራራው ስብከት መግቢያ ላይ የተሰበሰቡትን «መልቲትዩድ» ብሏቸው ነበር፤ ብዙዎቹ የዘመናችን የእንግሊዝኛ ትርጉሞች ይህን በክራውድ ተክተውታል፤ የእኛው «ሕዝብ» ግን ሁለቱንም ሲችል ኖሯል።

«ሕዝብ»ን ካነሣሁ ለተማሪዎች ሁልጊዜ የምነግረውን አንድ ነገር ልጨምር። እኛ «ሕዝቡ ወጣ» እንላለን እንጂ «ሕዝቡ ወጡ» ማለት አልለመደብንም። አሜሪካውያንም ክራውድን በአብዛኛው በነጠላ ግሥ ያስሩታል፤ ብሪታንያውያን ግን ሰዎቹን አንድ በአንድ ሲያስቧቸው በብዙ ቁጥር ግሥ መናገርን ይፈቅዳሉ። «ፒፕል» የሚለው ቃል ሰዎች ማለት በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ ምንጊዜም የብዙ ቁጥር ግሥ ይፈልጋል፤ የእኛ ልጆች በዚህ የሚሰናከሉት አማርኛቸውን ተከትለው ነው።

ግሡን በተመለከተ፣ ክራውድ ወደ ሥሩ የሚመለሰው በዚህ ቦታ ስለሆነ «ተጋፋ» ከሁሉ ይቀርበዋል። ሰዎች አንድን ሰው ክራውድ አደረጉት ሲባል ከበቡት፣ አጣበቡት ማለት ነው፤ ወደ አንድ ክፍል ክራውድ አድርገው ገቡ ሲባል ታጭቀው ገቡ፣ ተጋፍተው ገቡ ማለት ነው። «ክራውድድ» የሚለው ቅጽል ደግሞ የተጨናነቀ፣ የተፋፈገ፣ ሰው የሞላው ይሆናል። ከእነዚህ መካከል «የተጨናነቀ» እና «የተፋፈገ» ቅሬታን ያዘሉ ናቸው፤ «ሰው የሞላው» ግን ደስታም ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው ገበያውን እያደነቀ ከሆነ «ሰው የሞላው» የሚለውን ምረጪ።

ቃሉ ወዳጅነትን የሚያመለክትበትም ጊዜ አለ። አንድ ልጅ ከመጥፎ ክራውድ ጋር ገጠመ ሲሉ የሕዝብ ብዛት ጉዳይ አይደለም፤ ሦስት ጓደኞችም ይበቃሉ። እኛ ለዚህ «ውሎ» የሚል ግሩም ቃል አለን፦ የልጁ ውሎ አላማረም።

የድሮ ግጥም ስታነቢ ክራውድ በቅስት የሚመታ ባለ አውታር የሙዚቃ መሣሪያ ሆኖ ብታገኚው ደግሞ አትደናገሪ። ያ ከዌልስ ቋንቋ የመጣ፣ በአመታቱ ከማሲንቋችን ጋር የሚመሳሰል፣ ከዚህኛው ጋር ግን ድምፁ ብቻ የተገናኘ ሌላ ቃል ነው።

ዜና አርታዒ፦

መምህር ያስቀመጡት መሠረት ጥሩ ስለሆነ ልድገመው አልሻም። እኅታችን በጥያቄዋ መጨረሻ ያነሣችው የጥንቃቄ ክፍል ግን ሰፋ ያለ መልስ የሚገባው ይመስለኛል፤ በዚያ ቦታ የሚመረጠው ቃል በሰው ላይ ፍርድ እስከ መስጠት ይደርሳልና።

እንግሊዝኛ ሰው በበዛበት ቦታ ለሚደርስ አደጋ ሁለት የተለያዩ መጠሪያዎች አሉት። አንደኛው «ስታምፒድ» ነው፤ ከብት ደንግጦ ሲፈረጥጥ የሚሆነውን የሚያሳይ ሲሆን፣ ሰዎች በድንጋጤ ሮጠው እርስ በርስ እንደተረጋገጡ ይናገራል። ሁለተኛው «ክራውድ ክራሽ» ነው። በዚህኛው ሩጫም ድንጋጤም ላይኖር ይችላል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የቆሙት ሰዎች ስድስትና ሰባት ሲደርሱ ማንም በራሱ ፈቃድ ወደፊትም ወደኋላም መሄድ አይችልም፤ ከኋላ የተነሣው ግፊት እንደ ሞገድ እየተላለፈ በመካከል ያለውን ሰው ይጨምቀዋል፤ ደረቱን ለማስፋት ቦታ ያጣ ሰውም በእግሩ እንደቆመ ትንፋሹ ይቋረጣል። ከኋላ ያለው የሚገፋው በፊት ስላለው መከራ ምንም ሳያውቅ ነው። በእኛ ዜናዎች ሁለቱም «መረጋገጥ» ተብለው ስለሚጻፉ ሟቾቹ ሁሉ በጓደኞቻቸው እግር የተረገጡ፣ ጥፋቱም የተሰብሳቢው ሆኖ ይታያል።

ይህ ልዩነት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሂልስቦሮ ታሪክ ያሳያል። ሚያዝያ 15 ቀን 1989 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ በሚገኘው በዚህ ስታዲየም በጠባቡ የመቆሚያ ስፍራ የታጨቁ የሊቨርፑል ደጋፊዎች ተጨፍልቀው 97 ሰዎች ለሞት ተዳርገዋል። በጊዜው ፖሊሶችና አንዳንድ ጋዜጦች ደጋፊውን ሰካራምና ሁከተኛ ብለው ሳሉት፤ ቤተሰቦቻቸው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሲሟገቱ ከኖሩ በኋላ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የአሟሟታቸውን መንስኤ የመረመረው ችሎት ሟቾቹ በሕገ ወጥ መንገድ እንደተገደሉና ደጋፊዎቹ ለአደጋው ምክንያት እንዳልነበሩ ወሰነ። ስለዚህ በጽሑፍሽ ውስጥ ሁለተኛው ዓይነት አደጋ ከተጠቀሰ «በከባድ መጨናነቅ ምክንያት የሚደርስ መታፈን» ወይም «በግፊያ መጨፍለቅ» ብለሽ እንድትጽፊ አጥብቄ እመክራለሁ፤ «መረጋገጥ»ን በእውነት ሩጫና መውደቅ ላለበት አስቀሪው። እንዲህ ከተጻፈ አንባቢው ጥንቃቄው ምን እንደሆነ ያስተውላል፤ ቦታው ሳይሞላ መግቢያውን መቆጣጠርና መውጫውን ማስፋት እንደሚያስፈልግ እንጂ «አትደንግጡ» የሚል ምክር ብቻውን እንደማይበቃ ይገባዋል።

ሌላው ሊለይ የሚገባው «ሞብ» ነው። ይህ ቃል «ተለዋዋጩ ተራ ሕዝብ» ከሚል የላቲን ሐረግ የተቆረጠ ሲሆን ከጥንቱም ንቀትና ፍርሃት አለበት። ክራውድ በራሱ መጥፎም ጥሩም አይደለም፤ ሞብ ግን ሊያጠፋ የተነሣ ነው። ጸሐፊው ሞብ ሳይል ተርጓሚው «ሁከተኛ» ወይም «መንጋ» ቢል ያልተባለን ክስ በሰው ላይ ጫነ ማለት ነው። በዚህ አጋጣሚ «የደቦ ፍርድ» የሚለው የመገናኛ ብዙኃን አነጋገር ሁልጊዜ እንደሚያሳዝነኝ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ደቦ ገበሬው የባልንጀራውን እርሻ የሚያርስበት፣ አቅም ያጣችውን ሴት ሰብል ጎረቤት ወጥቶ የሚያጭድበት የመረዳዳት ስም ነው፤ ሰውን ያለ ፍርድ የሚገድሉ ሰዎችን ሥራ በዚህ ስም መጥራት ደቦን መበደል ይመስለኛል። «የመንጋ ፍርድ» ቢባል ይሻላል።

የምጣኔ ሀብት ተማሪ፦

በደቦ ጉዳይ ከአርታዒው ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ አነጋገሩ በሕዝብ አፍ ከገባ ቆይቷል፣ ሰሚውም የእርሻውን ደቦ ከዚህ ጋር አያደባልቀውም። «መንጋ» ደግሞ ሰውን ከከብት ይቆጥራል፤ ወንጀል የሠራውንም ሰው ቢሆን። እኔ የምጨምረው ስለ ጥምር ቃላቱ ነው።

«ክራውድፈንዲንግ» ለአንድ ዓላማ ከብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ገንዘብ ማሰባሰብ ነው። «የሕዝብ መዋጮ» ቢባል ማንም ይረዳዋል፤ በሞባይል ወደ 8100 መልእክት እየላከ ለሕዳሴ ግድብ ያዋጣ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። «ክራውድሶርሲንግ» ግን ከባድ ነው። ቃሉን በ2006 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ጄፍ ሃው የተባለ ጋዜጠኛ ሲሆን፣ አንድ ድርጅት በራሱ ሠራተኞች ያሠራው የነበረውን ሥራ በይፋ ጥሪ ለማይታወቁ ብዙ ሰዎች ክፍት ማድረግን ያመለክታል። «ሥራን ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ማሠራት» ብሎ በዓረፍተ ነገር መተርጎም እንጂ አንድ ቃል ለመፍጠር መጣደፍ የሚጠቅም አይመስለኝም።

በእነዚህ አዳዲስ ቃላት ውስጥ ያለው ክራውድ ደግሞ መምህር እንደገለጹት ትከሻ ለትከሻ የሚጋፋ አለመሆኑን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ፍራንሲስ ጋልተን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1907 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ጥናት ላንሣ። በአንድ የከብት ትርዒት ላይ ሰዎች አንድ በሬ ታርዶ ሲሰናዳ የሚኖረውን ክብደት እንዲገምቱ ተጠይቀው ነበር። ጋልተን የ787 ሰዎችን ግምት በቅደም ተከተል ደርድሮ ከመካከል ላይ የሚውለውን ሲያይ 1,207 ፓውንድ ሆነ፤ እውነተኛው ክብደት 1,198 ፓውንድ ነበር። ዛሬ ይህን የክራውድ ጥበብ ይሉታል። ይሁን እንጂ ግምቱ ወደ እውነቱ የተጠጋው እያንዳንዱ ሰው ለብቻው በየወረቀቱ ስለጻፈ ነው፤ ሰብስበው በአንድ ድምፅ እንዲናገሩ ቢያደርጓቸው ጮሆ የተናገረው ሰው ሌሎቹን በጎተታቸው ነበር። ስለዚህ ይህን «የተሰበሰበ ሕዝብ ጥበብ» ብሎ የሚተረጉም ሰው የነገሩን ፍሬ ይገለብጠዋል። «የብዙኃን ግምት» ወይም «የብዙኃን ዕውቀት» ቢባል ይሻላል።

በእኛ የትምህርት ዘርፍ «ክራውዲንግ አውት» የሚባልም አለ፤ መንግሥት ከገበያው ብዙ ብድር ሲወስድ የወለድ ምጣኔ ጨምሮ የግሉ ባለሀብት ከብድር ገበያው ተገፍቶ ሲወጣ የሚነገር ነው። ይህ ወደ ጥንቱ ግሥ ስለሚመለስ «ገፍቶ ማስወጣት» ብሎ መተርጎም ይበቃል።

ሐዋሳዊት፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጋሼ መምህር፣ ስለ ታማኝነት የሰጡኝ ማብራሪያ ትልቁን ጭንቀቴን አቃልሎልኛል። አንድ የቀረኝ ቦታ የጉዱማሌው አንቀጽ ነው። ጸሐፊው ፍቼን በሚገልጽበት በአንድ አንቀጽ ውስጥ ብቻ ክራውድን አራት ጊዜ ያነሣል፤ እኔ የበዓሉ ባለቤት ስላልሆንኩ የማይገባ ስም እንዳልሰጥ እሰጋለሁ። የበዓሉ ባለቤቶች ብትኖሩ ብታግዙኝ። ሌላው፣ በሐይቁ ላይ ለሚንቀሳቀሱ የመዝናኛ ጀልባዎች የተጻፈ «ኦቨርክራውዲንግ» የሚል ማስጠንቀቂያም አለ።

የሲዳማ ልጅ፦

እኅቴ፣ ስለ ጥንቃቄሽ አመሰግናለሁ። ፍቼ ጨምበላላ የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ መሆኑን፣ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ መስፈሩንም ጽሑፉ ሳይገልጸው አይቀርም። ቀኑን የሚወስኑት የከዋክብትን አካሄድ የሚያነቡ «አያንቶ» የተባሉ አዋቂዎች ናቸው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሰው የሚመጣው በጎሳው፣ በቤተሰቡ፣ በአገሩ ሥርዓት ነው። ስለዚህ አራቱ ክራውዶች አንድ ዓይነት ሰው ቢሆኑም በየሰዓቱ የሚሠሩት ሥራ ይለያያል።

እየዘመረና እየጨፈረ በአንድነት ወደ አደባባዩ የሚገባው ቄጣላ ላይ ነው፤ ይህን «ቄጣላ የሚጨፍሩት» ብለሽ በራሱ ስም ብትጠሪው ደስ ይለናል፤ ትርጉሙን በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ በአጭሩ ማስረዳት ይቻላል። የጎሳ መሪዎች ተነሥተው ሥራን ስለ መውደድ፣ ድኻን ስለ መርዳት፣ ታላቅን ስለ ማክበር፣ አገር በቀል ዛፍ ስላለመቁረጥና በሐሰት ስላለመመስከር ሲመክሩ ደግሞ ያው ሰው ጉባኤ ነው፤ «ጉባኤው ያዳምጣል» ቢባል ይመጥናል። ከእንሰት የሚሠራው ባህላዊ ምግብ ቡርሳሜ በየቤቱ ቀርቦ ጎረቤት ተሰብስቦ ሲበላ ያለውን ክራውድ «ቤተሰብና ጎረቤት» ከማለት ሌላ የሚሻል ስም አላውቅለትም። ልጆች «አይዴ ጨምበላላ» እያሉ ከቤት ወደ ቤት የሚዞሩበትን «የልጆች ጭፍራ» ብለው የጻፉ አጋጥመውኛል፤ ጭፍራ ግን የጦር ሽታ ስላለው «ልጆቹ ተሰባስበው» ቢባል ይበቃል። ከሌላ አገር ለማየት የመጣውን እንግዳ ብቻ ነው «ተመልካች» ልትይው የሚገባ፤ የእኛን ሰው ተመልካች ካልሽው በገዛ በዓሉ እንግዳ ታደርጊዋለሽ።

የቀድሞው መምህር፦

የሲዳማው ልጄ ያስተማረን እኔ ከተናገርኩት ይበልጣል፤ በተለይ በመጨረሻ ስለ ተመልካችና ስለ ባለቤቱ ያነሣው ነገር በሌሎቹም አንቀጾች ላይ ሊታይ ይገባዋል። በንግሡ ዕለት ታቦቱን አጅቦ የሚሄደው ምእመን እንጂ ተመልካች አይደለም፤ ለፎቶግራፍ የመጣው እንግዳ ግን ተመልካች ነው፤ ጸሐፊው ሁለቱን በአንድ ክራውድ ቢያስራቸው አንቺ ልትለያያቸው ትችያለሽ።

የጀልባው ማስጠንቀቂያ ቀላል ነው። በዚያ ቦታ ስለ ሕዝብ የሚነገር ነገር የለም፤ ስለ ጭነት ልክ ነው የሚነገረው። «ጀልባው ከተፈቀደለት ቁጥር በላይ ሰው መጫን ክልክል ነው» ብለሽ ጻፊው፤ ቁጥሩ በጽሑፉ ካለም ከፊት አስቀድሚው። የተፋፈገ፣ የተጨናነቀ የሚሉት ቃላት ለተሳፋሪው ምቾት ይሆናሉ እንጂ ለማስጠንቀቂያ ይለሰልሳሉ።